አባቴ ማጀት የገባበት ክረምት

ነጭ ሽንኩርት ትኩስ ዳቦ ላይ ሲታሸት የሚወጣው ሽታ በአፍንጫዬ ሽው ባለ ቁጥር፣ አቃቂ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የነበረው ቤታችንና የአባቴ ሰፋፊ እጆች ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። አባቴ በአንድ የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእነሱ ሲያበስል ሲኖር፣ እኛ ቤት ግን ድስት ከፍቶ አያውቅም ነበር፤ ማጀቱ የእናቴ ነው።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ መንገዱ ተሠርቶ አለቀና ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አለቃቸው ለአባቴ ሁለት ትልልቅ ቆርቆሮ የወይራ ዘይት ሰጥቶት ሄደ። እማዬ የወይራ ዘይት የምታውቀው ከመድኃኒት ቤት ስለነበር፣ ቆርቆሮዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸው፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ጆሯችንን ባመመን ቁጥር ጠብ ታደርግልን ነበር። አባቴ ሥራ ፍለጋ እየወጣ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር፤ ዝናቡ ሲከብድ ጭራሽ መውጣቱን ትቶ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውል ጀመር።

ሐምሌ ላይ እማዬ ከምትሠራበት የፈትል ፋብሪካ ስትመለስ ጭቃ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰበረ። ታላቅ እህቷ እትዬ ሸዋዬ ሊያስታምሟት ከሳሪስ አቦ መጡ። በማግስቱ ጠዋት ማጀት ሲገቡ፣ አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ሊጥ ሲያሽ አገኙት።

«ምን ነካህ? ወንድ ልጅ ሊጥ ሲያሽ ሰው ቢያይ ምን ይላል?» አሉት።

አባቴ ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ እነዚህን ልጆች እስከዛሬ ያሳደግኳቸው ድስት ፊት ቆሜ ነው። ዛሬ ምን ያሳፍረኛል?» አላቸው።

ፍልሰታ ሲገባ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አንዱን ቆርቆሮ አወጣ። ዳቦውን በብረት ድስት፣ ክዳኑ ላይም ፍም አድርጎ ይጋግርና፣ ቆርሶ ከሰል ላይ ጠበስ ካደረገው በኋላ ነጭ ሽንኩርት ያሽበት ነበር፤ ከዚያ የበሰለ ቲማቲም በጨው ጨፍልቆ፣ እርጥብ በሶብላ በጣቱ በጥሶ፣ ዘይቱን በቀጭኑ ያንቆረቁርበታል። እማዬ «የጆሮ መድኃኒት ልታበላን ነው?» ብላ ሁለት ቀን አልቀምስም አለች። በሦስተኛው ቀን በግራ እጇ አንድ ቁራሽ አንስታ ጎረሰች፣ ደገመችም።

እንዲያም ሆኖ ሰው እንዲያውቅባት አልፈለገችም። እሑድ የሥራ ባልደረቦቿ ሊጠይቋት ሲመጡ፣ ጠጋ አድርጋኝ «ከጠየቁሽ ምግቡን አክስቴ ናቸው የሠሩት በይ» አለችኝ። አባቴ ሰምቷል፤ ተነስቶ ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ።

ዳቦውንና አባቴ የሠራውን የምስር ሾርባ አቀረብኩ። ከሴቶቹ በዕድሜ ከፍ የሚሉት በልተው ሲያበቁ፣ «እንዲህ ያለ ዳቦ ማን ጋገረው?» ብለው ጠየቁኝ። ልዋሽ አፌን ስከፍት፣ ገርበብ ባለው የጓዳ በር አባቴን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀርቅሮ አየሁትና ቃሉ አልወጣልህ አለኝ። እማዬም እኔን አየች፤ ዓይኔን ተከትላ ወደ ጓዳው ዞረች።

«ባለቤቴ ነው የጋገረው» አለች በመጨረሻ። «ሙያው ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እስቲ ና ውጣ፣ እንግዶቹ ይጠሩሃል» አለችው።

መስከረም ሲጠባ እነዚያ ሴቶች ዳቦ እንዲጋግርላቸው ያዝዙት ጀመር፤ ሁዳዴ ሲደርስም አባቴ ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ትንሽ የጾም ምግብ ቤት ከፈተ። እማዬ እጇ ከዳነ በኋላም ቅዳሜና እሑድ ማጀቱን ትለቅለት ነበር።

ዛሬ የወይራ ዘይት በየሱፐርማርኬቱ ተደርድሯል። እኛም ቤት ከሥራ ቀድሞ የገባው ያበስላል። ልጄ አባቷ ሽንኩርት ሲከትፍ አጠገቡ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ቀና ብላም አታየው። እኔ ግን ቆም ብዬ ጥቂት ሳላየው አላልፍም።