ራሔልን ይዤ የወጣሁበት ተራራ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ትራሞንታና የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ አድሮ፣ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ቶር ፒኛታራ ፌርማታ ላይ ትንሿን ባቡር እየጠበቅሁ ወደ ምሥራቅ ዞር ብል፣ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ተራሮቹ በረዶ ለብሰው ቁልጭ ብለው ታዩኝ። ሮም ላይ ሆኖ እንዲህ የሚያያቸው ሰው ዕድለኛ ነው ይባላል። አጠገቤ የቆመች የባንግላዴሽ ሴት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳቻቸውና «ቤሊሲሞ» አለችኝ። «አዎ፣ ያምራሉ» አልኳት። አነጋገሬ ግን ሳይጎረብጣት አልቀረም። እኔ እነዚያን ተራሮች ሳይ የሚታወሰኝ ውበታቸው አይደለም፤ ንዴት ነው።

እዚያ ተራራ የወጣሁ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከውብዓለም ጋር ነው፤ እትዬ ውቤ ነበር የምላት። ሁለታችንም ሰው ቤት እንሠራለን። አንዲት ልጇ ራሔል ሮም ተወልዳ ያደገች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፣ አፏን ስትከፍት ግን የሚቀድማት ጣሊያንኛው ነው። ደስ ሲላት እኔን «ዚያ»፣ አክስቴ፣ ትለኛለች። ስትናደድ ደግሞ ፀሐይ ብላ በስሜ ትጠራኛለች። ፀሐይ የተባልኩባቸው ቀናት ይበዙ ነበር።

ብርዱ እንደጀመረ ሰሞን እትዬ ውቤ ወጥ ቤት ጠርታኝ በሩን ዘጋች። ድምፃችን እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተችው።

«ጡቴ ውስጥ እብጠት አግኝተውብኛል» አለችኝ። «ከፈረንጆቹ ገና በኋላ ሊያወጡልኝ ቀጥረውኛል።»

እጇን ብይዛት ቀማችኝ።

«ለቅሶ አልፈልግም። ራሔልን ከዚህ አርቂልኝ። አባቷ ሆስፒታል እንደገባ አልተመለሰም፤ እሷም አልረሳችውም። እስክወጣ ድረስ እንዳትሰማ።»

«እትዬ፣ ትልቅ ልጅ እኮ ናት።»

«ማይልኝ!»

ማርያምን ብዬ ማልኩላት።

የምንሄድበትን ያገኘችልኝም እሷው ናት። ከአገር ቤት መጥተው ሮም የሚማሩ አባ ተስፋዬ የሚባሉ የካቶሊክ ካህን ለበዓሉ አብሩዞ ተራራ ውስጥ ያለች መንደር ሊያገለግሉ ተመድበው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የእንግዳ ክፍል አለ። ለራሔል የተነገራት የተራራ ዕረፍት እንደተገኘላት ነው፤ በረዶ፣ ንጹሕ አየር፣ ጨዋታ። ራሔል ግን አዲሱን ዓመት ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ልታከብር ተቀጣጥራ ኖሯል። በሩን ስታላትመው ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ዘመመ።

ከቲቡርቲና መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈርን። እሷ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጠመዝማዛው ሲጀምር እኔን አጥወለወለኝ። ደብረ ሲና ተወልጄ፣ የጣርማ በርን መንገድ ስወጣና ስወርድ አድጌ፣ የጣሊያን ተራራ አስመለሰኝ! ራሔል ማዳመጫዋን እንኳ ሳታወልቅ ፌስታል አቀበለችኝና «ኬ ስኪፎ» አለች፤ ምን ያስጠላል ማለቷ ነው።

መንደሯ ስንደርስ በረዶ የሚባል ነገር የለም። ያለው ዝናብና ጭጋግ ነው። እኛ አገር ክረምት ሲባል ዝናብ ነው፤ የእነሱ ክረምት በረዶ ነው ብዬ ነበር ልጅቷን ያባበልኳት። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ «ይሄ ነው ኔቬው፣ በረዶው?» አለችኝ። ምድጃው ይጨሳል፤ አንሶላው የራሰ ያህል ይቀዘቅዛል። ምግቡም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። አባ በየቀኑ ፖሌንታ ይሠራሉ፤ ፖሌንታ ማለት ስሙን ያሳመረ የበቆሎ ገንፎ ነው። የነቢያት ጾም ላይ ስለነበርኩ እነሱ ቋሊማና አይብ ሲጨምሩበት እኔ በባቄላ ሾርባ እውጠዋለሁ። ራሔል ሹካዋን ሳህኑ ላይ ስታዞር ትቆይና ወደ አልጋዋ ትመለሳለች።

በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ለምን አመጣሽኝ?»

«እንድትዝናኚ።»

«ዝናቡን እያየሁ?»

እኔም እቆጣለሁ። ምስጋና ቢስ፣ ባለጌ፣ ሁሉ ተሟልቶላት ያቀበጣት ልጅ እላታለሁ። እሷም ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ትጎትታለች።

ስልክ ያለው አደባባዩ ላይ ካለው ባር ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሰዓት በኋላ እየወረድን እናቷን እናነጋግራለን፤ እትዬ ውቤም ድምፅዋን አሳምራ ትመልሳለች። የኦፔራሲዮኔው ቀን ግን ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ሥራ ላይ ናት» አልኩ።

«በበዓል?»

«ሲኞራዋ ቤት እንግዳ መጥቶ ነው።»

ራሔል ትክ ብላ አየችኝና ቀድማኝ ወጣች። ክፍላችን ካደረስኳት በኋላ ስኳር ልግዛ ብዬ ተመልሼ ሮጥኩና ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። የተረኛዋ ነርስ ድምፅ ራቅ ብሎ ይሰማል። ስለ ሕመምተኛ በስልክ አንናገርም አለችኝ። እህቷ ነኝ ብዬ ብጮኽ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ካርታቸውን ትተው አዩኝ። ተረኛዋ ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ዘጋችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የስልክ እጀታ መስበር አምሮኝ አያውቅም።

ስመለስ ራሔል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ስኳሩስ?»

እጄ ባዶ ነበር። «አልቆባቸዋል» አልኳት።

በማግስቱ ስንነቃ በረዶው አገሩን ዋጥ አድርጎታል። የመንደሩ ልጆች እየጮኹ ወጡ። አውቶቡሱ ግን መንገዱ እስኪጠረግ እንደማይመጣ ተነገረን። አባ ከጓዳ አሮጌ ስሊታ ጎትተው አመጡ፤ ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተቱበት እንጨት ነው።

«ራሔል ልጄ፣ ነይ ሞክሪው» አሏት።

«ግራሲዬ፣ አልፈልግም።»

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «ሙሉ ተራራ በረዶ ወርዶልሽ አልጋ ላይ ትጋደሚያለሽ? ውጪና ተጫወቺ!» ብዬ ጮኽኩባት።

«አንቺ ውጪና ተጫወቺ!» አለችኝ።

ከንዴቴ የተነሣ እውነትም ወጣሁ። ስሊታው ላይ ተቀመጥኩና ቁልቁል ለቀቅኩት። ጫማዬ የከተማ፣ ጓንቴ የሹራብ ነው። አጥሩን ጥሼ የዶሮ ቤት ሥር ተገለበጥኩ። በረዶውን ከአፌ እየተፋሁ ቀና ስል ራሔል መስኮቱ ጋ ቆማ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትስቃለች ብዬ እኔም ሳቅኩላት፤ እጄንም አወዛወዝኩላት። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳቀች አልኩ።

ወደ ክፍሉ ስገባ የለችም። ሻንጣዋም የለም።

የጫማዋ ፈለግ በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ይወስዳል። አባን ጮኼ ጠራሁና ሳልጠብቃቸው ተከተልኳት። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ገና ያለፈበት መንገድ ላይ፣ በስፖርት ጫማ፣ ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቁልቁል ስትሄድ ደረስኩባት።

«ወዴት ነው?»

«ሮማ።»

«በእግርሽ?»

«አውቶቡስ ከሌለ በእግሬ።»

ሻንጣውን ይዤ ጎተትኩ፤ እሷም ጎተተች። ሁለታችንም ልንወድቅ ስንል ድንገት ለቀቀችውና በአማርኛ፣ በሕፃንነቷ ድምፅ፣ «እማዬ ሞታለች?» አለችኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም! ማንም ምንም አይለኝም!» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «አዲስ ፒጃማና አዲስ ነጠላ ጫማ ገዝታ አልጋ ሥር ደብቃለች። እዚህ አገር ሰው ፒጃማ የሚገዛው ሆስፒታል ሊተኛ ነው። ፓፓም እንደዚያ ነው የሄደው።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«መቼ ዝም አልኩ? ለምን አመጣሽኝ እያልኩ በየቀኑ ስጠይቅሽ አልነበር?»

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነበር ብል እዋሻለሁ። ንዴት ነው የተሰማኝ። ስድብ መስሎኝ የመለስኩላት ነገር ሁሉ ጥያቄ ነበር ለካ። ነገሩን ከምታውቅ ልጅ ምስጢር ስደብቅ፣ በረዶ ስበላ፣ ከስልክ ጋር ስደባደብ ሰንብቻለሁ። በእህቴ ተናደድኩ፤ በመሐላው ተናደድኩ። ከዚያ ሁሉንም እዚያው መንገዱ ዳር ነገርኳት። ቀዶ ጥገናው ትናንት እንደነበረ፣ እንዴት እንደሆነች እንደማላውቅ፣ በስልክ እንደማይነግሩኝ። ስጨርስ በቀይ ጓንቷ አፍንጫዋን ጠርጋ «አንዲያሞ» አለች። እንሂድ።

አባ ጎማዋ በሰንሰለት በታሰረ አሮጌ መኪና እየተንሸራተቱ ደረሱልን።

«አባ፣ በማርያም ስም ምያለሁ» አልኳቸው።

«ማርያምም እናት ናት፤ ይገባታል» አሉና ባቡር ጣቢያ ወዳለበት ሸለቆ ይዘውን ወረዱ።

ሆስፒታል የደረስነው በመጎብኛ ሰዓት ነው። እትዬ ውቤ ገርጥታ፣ ከጎኗ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኗ ግን ነቅቶ ነበር። ልጇን ከማየቷ በፊት እኔን አየችኝ።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

ራሔል አልጋው ግርጌ ቆማ ከራስ እስከ እግሯ አየቻት። «ፒጃማው አያምርም» አለች። እትዬ ውቤ ልትስቅ ብትል ቁስሉ ያዛት፤ ሣቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተጠጋቻት። ለእኔ ግን ወንበር እንኳ ያቀረበልኝ የለም።

እህቴ እስከ ጥምቀት አኮረፈችኝ፤ ራሔል ዋሽተሽኛል ብላ ከዚያም በላይ። እትዬ ውቤ ድና ብዙ ዓመት ኖረች፤ ልጇን ዳረች፤ የልጅ ልጅ አቀፈች። እስክታርፍ ድረስ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ፀሐይ ምስጢር አይቀመጥባትም» ትል ነበር። ይህን ስትል እኔ ሳህን አነሳ ነበር፤ ሳህኑ ይንኳኳል።

ባለፈው ሳምንት ተራሮቹን ባየሁ ጊዜ እኔም ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ። የልቤ አንዱ በር ደክሟል፣ በቀዶ ጥገና ይቀየራል ተብያለሁ። ራሔል አሁን ፍሎረንስ ባል አግብታ ትኖራለች፤ በየእሑዱ ትደውላለች፤ በየእሑዱ ደህና ነኝ እላታለሁ። ለምን ላስጨንቃት፣ የልጆች እናት ናት እያልኩ። እዚያ ፌርማታ ላይ ግን እውነቱ ገባኝ። ለእሷ አዝኜ አልነበረም። ለሰው እስካልነገርኩ ድረስ ነገሩ የሐኪሙ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቆይልኛል ብዬ ነው። እትዬ ውቤም ቧንቧውን የከፈተችው ምናልባት የራሷን ድምፅ ላለመስማት ይሆን? ያን ያህል ዓመት ተናድጄባት ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ባቡሩ መጥቶ ሄደ። አልገባሁም። ስልኬን አውጥቼ ለራሔል ደወልኩና ነገርኳት።

መቼ እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። ሰነባብቷል ብዬ መለስኩላት። ያን ጊዜ በጣሊያንኛ የጀመረችውን ቁጣ አልነግራችሁም፤ ፎቶ ስታነሳ ባቡሩ ያመለጣት ያቺ ሴትዮ እንኳ ዞራ አየችኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅሁት እንጂ አልዘጋሁትም።