የተቀባው ደጋን

ትናንት እዚህ ዴንቨር ሴንትራል ፓርክ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመች ተማሪ የቫዮሊን ሳጥኗን ከፈተች። ቫዮሊኑ የሚመታበት ደጋን ላይ የሚታሸው ሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ባቡሬ መጣ፣ ሄደ፤ እኔ ወዲያ ወዲህ እመላለሳለሁ። ድሮም ሲጨንቀኝ መቀመጥ አይሆንልኝም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዳውንታውን ዴንቨር ከየአገሩ የመጡ ወጣት ሙዚቀኞች ይወዳደሩ ነበርና፣ እኔ የጎረቤቷ ከተማ የአውሮራ ልጅ ለመጨረሻው ዙር አለፍኩ። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። «ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከገባሽ ሙዚቃሽን ተማሪ። ካልገባሽ ነርሲንግ ነው፤ ጨዋታ የለም።»

ከመድረኩ ጀርባ ያለው ኮሪደር አዲስ ቀለም ይሸታል። ከግድግዳው ማዶ ፒያኖ ይሰማል፣ ጭብጨባ ይከተላል፣ ከዚያ ዝም። እኔ ምጥ እንደያዛት ሴት እንቆራጠጣለሁ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቫዮሊኔን ትጠብቃለች። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ፣ ከገዳም የመጣላትን የቅባ ቅዱስ ብልቃጥ ይዛ ቆማለች።

የቤታችን ልማድ ነው፤ ፈተና ያለበት ሰው ግንባሩን ይቀባል፣ አዲስ መኪና ከተገዛ መሪው ይቀባል። ግንባሬን ቀባችኝ፣ ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ። «ደጋኑንም ቀብቼልሻለሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ» አለችኝ ደስ ብሏት።

የደጋን ጭራ ዘይት ከነካው አለቀለት፤ ክሩን መያዝ ያቅተዋል። አንዴ ሳብ አደረግኩት። ትንፋሽ የመሰለ ነገር እንጂ ድምፅ አልወጣም። እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች፤ ምን ልበላት?

«መጣሁ» ብያት ደጋኑን ይዤ ወደ ተወዳዳሪዎቹ ክፍል ሮጥኩ። ከእኔ ቀጥላ የምትጫወተው የኮሪያ ልጅ ጭራውን በጣቷ ነካ አድርጋ ገባት። ምንም ሳትጠይቀኝ የራሷን ደጋን ሰጠችኝ።

የሰው ዕቃ የሰው ነው። ደጋኑ ከብዶኝ፣ ጣቶቼን እያዳለጣቸው እንደምንም ጨረስኩ። አራተኛ ወጣሁ።

ወደ አውሮራ ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። አባቴ ሬዲዮ አልከፈተም። እማዬ ከፊት ወንበር እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ጉልበቴን ያዘች።

«ሶሪ፣ እማዬ» አልኳት።

«ምን ሶሪ ያስብላል? እግዜር አልፈቀደማ።»

«አዎ፣ አልፈቀደም።»

ነርስ ሆንኩ። ሥራዬን አልጠላውም፤ ግን አልዋሽም፣ ይቆጨኛል። እማዬ እስክታርፍ ድረስ ጥፋቱን እግዜር ተሸክሞልን ኖረ።