የቨርና ስቲድሃም የፍርድ ሳምንት

ቨርና ስቲድሃም ኬንታኪ ውስጥ፣ ተራሮች መሀል በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ለሃያ ስድስት ዓመት ያላበላችው ልጅ የለም። ባሏ የድንጋይ ከሰል ብናኝ ሳንባውን በልቶት ሲሞት እንኳ ከሥራ የቀረችው ለሦስት ቀን ብቻ ነው።

አንድ የኅዳር ማለዳ የወረዳው ፖሊስ ሹም የሸሪፉ ረዳት በሯን አንኳኳ። በዋዜማው ኢራ ኮምብስ የሚባሉ ሽማግሌን ቡናማ ፒክአፕ ገጭቶ አምልጧል። የቨርና መኪና ቡናማ ፒክአፕ ነው፤ ከፊት በኩልም ተጨራምቷል።

“ሰኞ ዕለት አጋዘን ገጭቼ’ኮ ነው!” አለች።

“ሚስ ቨርና፣ በእናትዎ አሁን ምንም አይናገሩ” አለ ረዳቱ። እሱም በልጅነቱ ከእጇ የበላ ነው። “ዝም የማለት መብት አለዎት። የሚናገሩት ሁሉ ፍርድ ቤት ሊቀርብብዎት ይችላል። ለጠበቃ አቅም ከሌለዎት መንግሥት ያቆምልዎታል።” ካቴናውን ሲያስገባላት ዓይኗን ማየት አልቻለም።

በማግስቱ ዳኛው ክሱን አነበቡላትና ያለ ዋስ በፊርማዋ ብቻ ለቀቋት። የተመደበችላት ተከላካይ ጠበቃ ሊያን ቤልቸር ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አይሞላም፤ ብብቷ ሥር የሌላ ሰው መዝገብ ተከምሯል። ቨርና ስታያት ‘አለቀልኝ’ አለች በልቧ።

የበረዶው ወራት ሊያልፍ ሲል ሊያን ከዐቃቤ ሕጉ መልእክት ይዛ መጣች።

“ጥፋተኛ ነኝ ካሉ እስር ቤት አይገቡም፤ በገደብ ይለቀቃሉ። ተከራክረን ከተረታን ግን እስከ አምስት ዓመት ሊፈረድብዎት ይችላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ አብዛኛው ሰው ይቀበላል።”

“ልጄ፣ ያላደረግሁትን አደረግሁ ልበል?”

“ውሳኔው የእርስዎ ነው።”

“አንቺ ብትሆኚስ?”

ሊያን መዝገቡን አስቀመጠች። “እኔ ብሆን እፈራ ነበር” አለች።

ይህቺ መልስ ቨርናን አጸናቻት። የማይዋሽ ሰው አጠገቧ እንዳለ ያን ቀን አወቀች። “እንግዲያው አብረን እንፍራ” አለቻት።

የተሰበረውን የፊት መብራት ማክሰኞ፣ ሽማግሌው ከመገጨታቸው በፊት ባለው ቀን፣ የቀየረላት መካኒክ ደረሰኝ አልሰጣትም፤ ጋራዡንም ዘግቶ ኦሃዮ ገብቷል። ሊያን ስልክ ስትደውል ሰንብታ አገኘችው። ከዚያም እሱ በነገራት መሠረት ቦት ጫማ አድርጋ፣ ከጋራዡ ጀርባ ጭቃ ውስጥ የተጣለውን ቁርጥራጭ ብረት ስትፈነቅል ዋለች። አሮጌው መብራት ተገኘ፤ ስንጥቁ ውስጥ የአጋዘን ፀጉር ተሰክቶበታል።

ችሎቱ አራት ቀን ፈጀ። አሥራ ሁለት የከተማው ሰዎች ለጁሪነት፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኗን ሊወስኑ፣ ተመርጠው ተቀመጡ። አንዲት ምስክር ሽማግሌው ሲገጩ ቡናማ ፒክአፕ አይቻለሁ አለች። መካኒኩ ከኦሃዮ መጥቶ መሰከረ። ዐቃቤ ሕጉ “ደረሰኝህ የታለ?” እያለ አፋጠጠው። በመጨረሻ ዳኛው ለጁሪዎቹ “ሁላችሁም አንድ ካልሆናችሁ ፍርድ የለም፤ በምክንያት የተደገፈ ጥርጣሬ ካደረባችሁም ጥፋተኛ አትበሏት” አሉ።

ጁሪዎቹ አንድ ቀን ተኩል ተዘግተው ተመካከሩ። ሲወጡ ቨርና ብድግ አለች፤ ሊያንም አጠገቧ ቆመች።

“ጥፋተኛ አይደለችም።”

ቨርና አልጮኸችም። የሊያንን እጅ ይዛ፣ ደጋግማ “ጭቃ ውስጥ ገብተሽልኝ፣ ጭቃ ውስጥ ገብተሽልኝ” ትላት ነበር።

ከፍርዱ በኋላ በሁለተኛው ወር፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው አይቷት ዞር ሊል ሲል አወቀችው። ከጁሪዎቹ አንዱ፣ የባቡር ጡረተኛው ዶይል ኔፒየር ነው።

“ምነው ሸሸኸኝ?”

“አፍሬ ነው” አለ ባርኔጣውን አውልቆ። “መጀመሪያ ድምፅ ስንሰጥ ብቻዬን ጥፋተኛ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹን አንድ ቀን ሙሉ አሰቃየኋቸው።”

“ታዲያ ምን መለሰህ?”

“መብራቱን አስመጥቼ ዳግመኛ አየሁት። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ቨርና፤ ንጹሕ መሆንሽን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ማጥፋትሽንም ግን አላወቅሁም። ሳላውቅ ሰው ላይ መፍረድ አልቻልኩም።”

ንግግሩ መጀመሪያ እንደ እሾህ ወጋት። ከሳሙናና ከዱቄት መደርደሪያ መሀል ቆማ ስታስበው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“የሚወደኝ ሰው ነጻ ቢለኝ ምን ይገርማል?” አለችው። “አንተ እየጠረጠርከኝ ለቀቅኸኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶይል።”

የገጨው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ኢራ ኮምብስ በከዘራ መሄድ ጀምረዋል። ቨርና አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የዶሮ ሾርባ በድስት ይዛ ደጃቸው ቆመች። ሚስታቸው በሩን ገርበብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

“አንቺ አይደለሽም አሉ” አሉ በመጨረሻ።

“አይደለሁም፣ እማማ።”

“ግቢ እንግዲህ። ሾርባው ይቀዘቅዛል።”