ኒድ ውስጥ ያሉት ሁለት በሮች

ከኮሎኝ ወደ ፍራንክፈርት

ቅዳሜ ማለዳ ከኮሎኝ ተነሳሁ። የሄድኩበት ጉዳይ ግልጽ ነበር። ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር፣ ቀድሞ ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ይማሩበት የነበረ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመለያየቱን ማብቂያ መታሰቢያ በዓል ሊያከብር ነው። በዚሁ ሕንፃ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን አማርኛ ያስተምራሉ። ታሪኩን ለመጽሔታችን እንዳመጣ ተላክሁ።

ፈጣኑን ባቡር ትቼ ራይን ወንዝ ዳር የሚንቀራፈፈውን ያዝኩ። ምክንያቱ ርካሽ መሆኑ ነው፤ ለአለቃዬ ግን ስለ ወይን እርሻውና ስለ ተራራ ላይ ግንቦቹ ነግሬዋለሁ። ቁርሴ ጨው የተነሰነሰበት፣ ብሬትስል የሚሉት የተጠማዘዘ ዳቦ ነበር። ግማሹን እኔ በላሁት፣ ግማሹ ጨው ሱሪዬ ላይ ቀረ።

ፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ ወርጄ ወደ ኒድ የሚሄደውን የከተማ ባቡር ተሳፈርኩ። በስተቀኝ ኦይሮፓፊርቴል የሚባለው አዲስ ሰፈር ገና ከክሬኖቹ እግር ስር እየተነሳ ነው።

ኒድ፣ ጠዋት

የአማርኛው ትምህርት ኃላፊ ሰብለ ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ኤርፖርት የምትሠራ፣ ፈጣን አፍ ያላት ሴት ናት።

«ጋሽ ዳዊት፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ ግን ጭንቅ ላይ ነኝ። ትናንት ዳይሬክተሯ ለቴርሚን ቀጥራኝ ነበር፤ የሚቀጥለውን ዓመት የአዳራሽ ኪራይ ውል፣ ፌርትራጉን፣ አልፈርምም አለች።»

«ምን አጠፋችሁ?»

«በር።»

«በር ሰበራችሁ?»

«ብንሰብር ይሻል ነበር። አዳራሹን ካጣን ልጆቹን የት አባቴ አደርጋቸዋለሁ? የእኔ ቤት እንኳን ለእነሱ ለጫማቸውም አይበቃም።»

ሕንፃው ሁለት በር አለው። በግራው ላይ «ወንዶች»፣ በቀኙ ላይ «ሴቶች» የሚል በጀርመንኛ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ወሬያችንን በሩ ላይ አቋርጠን ኮሪደሩ ውስጥ ቀጠልን።

ዳይሬክተሯ ፍራው ክራመር ታሪኩን ግቢውን እያሳዩ ነገሩኝ። በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ትምህርት ቤት ነበር። ደረጃው ለየብቻ፣ ደወሉ ለየብቻ፣ በግቢው መሃል ደግሞ ግንብ። ወንዶቹ ላቲን ሲማሩ ሴቶቹ ስፌት ይማሩ ነበር። ግንቡ ሲፈርስ መሠረቱ ለመታሰቢያ ቀረ፤ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የቀይ ጡብ መስመር ሆኖ ይታያል።

«አሁን ይመልከቱ» አሉኝ።

ልጆቻቸውን ያመጡ ወላጆች እየገቡ ነበር። አባቶች በግራው በር፣ እናቶች በቀኙ። ግቢው ውስጥም አባቶች ከጡቡ ወዲህ፣ እናቶች ከጡቡ ወዲያ ቆመው ያወራሉ።

«እኛ ያፈረስነውን እናንተ በየቅዳሜው ትሠሩታላችሁ።»

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ እንደሚቆም፣ መስጊድም ቦታው እንደሚለይ አስረዳኋቸው። ማንም አላዘዘም፤ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ያለ ስብሰባ የተስማሙበት ነገር ይኸው ነው። አልሳቁም።

«ዛሬ ከሰዓት ለበዓሉ የቀድሞ ተማሪዎች ይመጣሉ። ዛሬም እንዲህ ከሆነ ፊርማዬን አትጠብቁ።»

ስብሰባ፣ በጡቡ ግራና ቀኝ

ሰብለ ወላጆቹን ሰበሰበች።

«ዛሬ ሁላችንም በአንድ በር ነው የምንገባው።»

«በየትኛው?» አሉ አቶ ጀማል። መሃል ከተማው፣ ኢነንሽታት ውስጥ ሻንጣ የሚሸጡ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«በሴቶቹ።»

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ? ዘይነባ ካየች ዓመት ሙሉ ስትስቅብኝ ልትኖር ነው።»

«ገና ሳትገባ ጀምሬያለሁ!» አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘይነባ፣ ከጡቡ ማዶ።

አንዲት እናት እጇን አወጣች። «እነሱ በእኛ በር ከገቡ እኛስ ምን በወጣን? እኛም በእነሱ እንግባ!»

«ፍትሕ ነው!» አለ አንዱ። ሁለቱም ወገን አጨበጨበ። ሰብለ «ኧረ እኮ እሱማ…» ስትል ጭብጨባው ዋጣት።

ከሰዓት

ፍራው ክራመር ግቢው ደጃፍ ቆመው ይጠብቃሉ። የእኛ ሰዎች ተሰልፈው መጡ፤ ወንዶቹ በሙሉ ወደ ሴቶች በር፣ ሴቶቹ በሙሉ ወደ ወንዶች በር አቀኑ። የዳይሬክተሯን ፊት አየሁት። ተቀያየርን እንጂ አልተቀላቀልንም። ሰብለ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

በዚያው ቅጽበት የቀድሞ ተማሪዎቹ አውቶቡስ ደረሰ። ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎችና ፀጉራቸው የነጣ ወይዛዝርት ወረዱ። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩ ወደ ግራው በር፣ ወይዛዝርቱ ወደ ቀኙ በር ሄዱ።

«በፈለጋችሁት በር ግቡ! የተለየ በር የለም!» ብለው ፍራው ክራመር ቢጮኹም የሰማቸው የለም።

ሁለቱም በሮች ላይ ግፊያ ሆነ። አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ደረጃው ላይ የአቶ ጀማልን ክንድ ያዙ።

«ተማሪ ሳለሁ በዚህ በር ከወንድ ጋር ብገባ ያባርሩኝ ነበር።»

«እኔንም ሚስቴ ማታ ከቤት ልታባርረኝ ነው» አሉ አቶ ጀማል፣ ሻንጣ ሲሸጡ በለመዱት ጀርመንኛ፣ ወደ ግራው በር እያመለከቱ። እዚያ ወይዘሮ ዘይነባ በሁለት ጀርመናውያን ሽማግሌዎች መሃል፣ አንዱ በሩን አንዱ ቦርሳቸውን ይዞላቸው፣ ቀና ብለው ይገባሉ።

ፍራው ክራመር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ፌርትራጉን አስመጡና የሰብለን ጀርባ ጠረጴዛ አድርገው ፈረሙ።

«ይነበብ ይሆን?» አለች ሰብለ ጎንበስ እንዳለች።

«አትንቀጥቀጪ እንጂ» አሏት።

ኮሎኝ፣ ቤት

ለባለቤቴ ሁሉንም እራት ላይ ነገርኳት። ግንብ ማፍረስ እንደሚቻል፣ እግር ግን የፈረሰውን ግንብ እየዞረ ብዙ ዓመት እንደሚሄድ አየሁ አልኳት። ዘገባውም በዚህ እንዲያልቅ አስቤ ነበር።

«አንተስ ጠዋት በየትኛው በር ገባህ?» አለችኝ።

ሥራዬ ማጣራት ነውና አሰብኩ። ከሰብለ ጋር እያወራን ነበር የደረስነው። እኔ በግራው ገባሁ፣ እሷ በቀኙ። ወሬያችንን በሩ ላይ ያቋረጥነው ለዚህ ነው።