ከመሸሻ እጅ የሚጠጣ

ወደ ነቀምቴ ስንጓዝ አኖ ከተማ ላይ አውቶቡሱ ቆመና አንዲት አሮጊት መንገዱ አዙሯቸው ወርደው ከዳር ሲያስመልሱ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ተከትሏቸው የወረደው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግንባራቸውን ደገፈ፤ ነጠላቸውን በውኃ አጠበላቸው፤ የመስኮት ዳር ቦታውንም ለቀቀላቸው። «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ»፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ብለው በኦሮምኛ መረቁት። ስሙን ጠየቅሁት። መሸሻ ይባላል፤ ነቀምቴ፣ የወይዘሮ የሺወርቅ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው። ማር ገዝቶ እየተመለሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሆንኩ፤ ታሪኩን የነገረኝ ግን ያ ጉድ ከደረሰበት በኋላ ነው።

መሸሻ አዲስ አበባ ሳለ በቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ለአሥራ ሁለት ሳምንት በታየ ድራማ ወንድሙን በመርዝ የሚገድል ሰው ሆኖ ተጫወተ። እንደ አገሩ ልማድ፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት፣ መጠጡን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ወንድምዬው አምኖ እጁን ሲዘረጋ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የደበቀውን መርዝ ብርሌው ውስጥ ይጥላል። ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ሁሉ በሰው ተጨናንቆ ያን አየ።

ድራማው ሲያልቅ ሟቹን የተጫወተው ልጅ በሬዲዮ ማስታወቂያ አንባቢ ሆነ። የሟቹን ሚስት ሆና የተጫወተችው የሠርግ ዘፋኝ ሆነች። መሸሻን ግን አከራዩ «ነፍሰ ገዳይ አላኖርም» ብለው ከቤት አስወጡት። አዘጋጁም «ሌላ ድርሰት ሲመጣ እንጠራሃለን» አለው፤ አልጠራውም። ስለዚህ ቴሌቪዥን ወደማይደርስበት፣ አባቱ ከሸዋ መጥተው ወደሰፈሩበት ወደ ነቀምቴ ተመለሰ።

ሦስት ዓመት በሰላም ኖረ። ሰላም ካሉት ነው እንጂ፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ በገባ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ፊት ሳያይ እህል አይቀምስም ነበር።

የፈራው በምሳ ሰዓት መጣ። አዲስ የተመደበው አስተማሪ፣ ጆቴ፣ ከቡና ነጋዴው ከኩማ ጋር ተቀምጧል። መሸሻ ብርዝ ይዞ ቀረበና መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ጆቴ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አውራ ጣትህን አሳየኝ!»

«ምን ሆንክ አንተ?» አለ ኩማ።

«ወንድሙን የገደለው ይሄ ነው! ልክ እንደዚህ ቀምሶ! በቴሌቪዥን በዓይኔ አይቻለሁ!»

«በቴሌቪዥን ነዋ!» ኩማ ሳቀ። «ኦቦ ጆቴ፣ እኔ የሚስቴን ወጥ አርባ ዓመት በልቼ ያልሞትኩ ሰው ነኝ።» ብርሌውን አንስቶ ጨለጠው።

ማታውን ኩማ ሆዱን ይዞ ጮኸ፤ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። መሸሻ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አነጋ። ውጭ ኮቴ በሰማ ቁጥር ፖሊስ መጣ እያለ፣ የራሱን አውራ ጣት እያገላበጠ ያይ ነበር። ከልቡ፣ ምናልባት ማር ስነካ አንዳች ነገር ይዤ ይሆን? ብሎ ራሱን ጠረጠረ።

በሦስተኛው ቀን የኩማ በሽታ ትርፍ አንጀት መሆኑ ታወቀ፤ በቀዶ ጥገና ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወሬው ግን አልዳነም። ሰው ይገባል፣ ወጡን ይበላል፤ ብርዙን ሲያይ «ጠግቤያለሁ» ይላል። የቀመሰ ሰው የሚታመንበት አገር ሆኖ ሳለ፣ መሸሻ በቀመሰ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ ይሸሻል።

«እኔ አምንሃለሁ» አሉት ወይዘሮ የሺወርቅ። «ገበያው ግን አያምንህም። ቅዳሜ ከእጅህ የሚጠጣ ከጠፋ፣ ልጄ፣ ምን ላድርግህ?»

ዓርብ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ አልኩት፤ እንቢ አለ፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከበሩ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም። ነገ፣ ገበያተኛው በሞላበት ሰዓት፣ ከእጄ ብርዝ ይጠጡልኛል?» ወደ አውራ ጣቱ አየና ቀጠለ። «ግን ሳልቀምስልዎ።»