የአውሮፓ ሰማይና የጎጀብ ቁልቁለት

እናቴ መኪና አይሆንላትም። አይሆንላትም ስል ትንሽ ያጥወለውላታል ማለቴ አይደለም። ሞተሩ ተነስቶ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ፊቷ አመድ ይመስላል። አንድ ጊዜ እዚሁ ቅርባችን ጊምቦ ለሰርግ ተጠርታ፣ በግማሽ መንገድ «አውርዱኝ» ብላ፣ በሐበሻ ቀሚሷ በእግሯ ቦንጋ የተመለሰች ሴት ናት። ሙሽራው ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ እንኳ ገበያ ሲያገኛት «እማማ፣ አሁንም አልደረሱም?» ይላታል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ችግሩ ታላቅ እህቷ ድሬዳዋ መሆኗ ነው። አክስቴ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሰው አግብታ ቦንጋን የለቀቀችው እኔ ሳልወለድ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣችው አንድ ጊዜ፣ አያቴ የሞቱ ጊዜ ነው። እሱንም የደረሰችው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነበርና ዘመድ ሁሉ «የድሬ ሰው ሆና ኮራችብን» ብሎ አማት። ሁለቱ እህትማማቾች የቀራቸው ስልክ ብቻ ሆነ። እናቴ ስልክ ስታወራ ትጮኻለች፤ አገሩ በራቀ ቁጥር ድምፅም መጨመር ያለበት ይመስላታል። በቪዲዮ እናገናኛችሁ ብንል ኔትወርኩ የአክስቴን ግማሽ ግንባር አሳይቶ ይቆማል። እናቴም ስልኩን ትመልስልኝና «የእትዬን ፊት እኮ ረሳሁት» ትላለች። ይህን ስትል መስማት አልወድም ነበር።

ያለው መላ አውሮፕላን ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ። እስከ ጅማ ያለውን መንገድ ሎሚ እያሸተተች፣ እኔ እጇን ይዤ እንዘልቀዋለን ብዬ አሰብኩ። እሷም «ወደ ላይ ከሆነ እችላለሁ፤ እኔን የሚገለኝ ጥምዝምዙ ነው» ብላ ተስማማች። ብቻዋን ግን ንቅንቅ አትልም። ለሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትኬት ደግሞ በእኔ ደመወዝ የሚሞከር አልነበረም።

የምሠራው በገበሬዎች የቡና ዩኒየን ውስጥ፣ ገበያ ክፍል ነው። የውጭ ቡና ገዢዎችን ማነጋገር ሥራዬ ስለሆነ አልፎ አልፎ አውሮፓ እላካለሁ። የዚያን ጊዜው ጉዞ ብዙ ከተማ የሚያዞር ነበርና ርካሽ መንገድ ስፈልግ ፓስ የሚባለውን ነገር አገኘሁ። አየር መንገዶች እንደ ዕድር ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ኅብረት አለ። ከአባላቱ በአንዱ ተሳፍሮ ከሌላ አህጉር ለመጣ መንገደኛ፣ እዚያው አውሮፓ ውስጥ የሚበርባቸውን ኩፖኖች በጥቅል ይሸጡለታል። ከተሞቹን አስቀድሞ ይመርጣል፣ ዋጋውም አንድ በአንድ ከሚገዛው ይረክሳል። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው፤ በእያንዳንዱ በረራ ማይል ይገኛል። ማይሉ ሲጠራቀም በአገር ቤቱ አየር መንገድ ነጻ ትኬት ይሆናል። በረራው የቱንም ያህል ቢያጥር ደግሞ ከተወሰነ ማይል በታች አይሰጥም። አጭር አጭር በረራ ማብዛት ነው እንግዲህ ብዬ እጄን አፋተግሁ።

ለሥራው የሚያስፈልጉትን ኩፖኖች ዩኒየኑ ገዛ፤ ትርፎቹን በውሎ አበሌ ጨመርኩ። መንገዴ የሸማኔ መወርወሪያ ሆነ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላብጦ «ከሃምቡርግ ብራስልስ ለመሄድ ቪየና ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ማይል እለቅማለሁ።»

«እሱማ የዩኒየኑ ነው! ሪፖርት ላይ መግባት አለበት» ብሎ ጉዳዩን ቦርድ ፊት አቀረበው። የቦርዱ ሰብሳቢ ከሺሺንዳ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ክርክሩን ከሰሙ በኋላ በዚያ የካፋው ቋንቋ ካፊኖኖ በሚያረዝመው አማርኛቸው «እኛ ቡና ሰጠን። ቡናው ሄደ። ሰማይ ላይ የሚንገላታ እሷ ናት። እንግዲህ ሰማዩ ለሷ ይሁን» አሉ። ኃላፊው ወረቀቱን አጠፈ፤ እኔም በልቤ እግራቸውን ሳምኩ።

ፓሱን የሸጠችልኝ የአዲስ አበባዋ ልጅ አንድ ነገር አስጠንቅቃኝ ነበር። «በቅደም ተከተል ነው የሚበሩት። አንዱን ከዘለሉ የቀረው በሙሉ ይሰረዛል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን እኔ በቦንጋ መናኸሪያ ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ የጠዋቱ አውቶቡስ ካመለጠ ረዳቱ ይቆጣል፣ ይለመናል፣ ከዚያ በቀጣዩ መኪና ሞተሩ አጠገብ ያስቀምጣል። አውሮፕላንም ቢከፋ ቢከፋ ከዚህ አይብስም ብዬ ነገሩን ረሳሁት።

ልሄድ ስል ጎረቤታችን ሀጂ አንድ ጥቅል ይዘው መጡ። ሀጂ ከገበያው ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ አባታቸው ለንግድ መጥተው ቀርተው ነው እሳቸው ቦንጋ የተወለዱት። ሴት ልጃቸው ብራስልስ ትኖራለች፣ እኔም በዚያ አልፋለሁ። ጥቅሉ ኮረሪማ ነበር። እንደ ወትሯቸው በሲባጎ ጥፍር አድርገው አስረውታል። ያንን ቋጠሮ እንኳን ሌላ ሰው እሳቸውም አይፈቱትም። ልጅ ሆነን ስኳር ስንላክ እናቶቻችን በጥርሳቸው ነበር የሚበጥሱት።

«ሀጂ፣ ጉምሩክ ቢይዘኝስ?» አልኳቸው።

«ያሽትቱት። ካሸተቱት አይዙሽም» አሉኝ።

እውነትም አልያዙኝም። ሻንጣዬ በየአየር ማረፊያው ኮረሪማ ኮረሪማ እየሸተተ ዞረ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሌላው ሰው ዕቃ ለማውረድ ይጋፋል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ፤ ዶሮ እንቁላሏን እንደምታይ ማይሌን አያለሁ። ምሳ ሰዓት ከቤት የያዝኩትን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እሮጣለሁ። አስተናጋጆቹ ሻይ ሲጠይቁኝ «ስኳር ይብዛ» እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ተደስቼ አላውቅም። እያንዳንዱ በረራ እናቴን ወደ እህቷ አንድ እርምጃ የሚገፋ ይመስለኝ ነበር።

ብራስልስ ደርሼ ጥቅሉን አንጠልጥዬ የሀጂን ልጅ በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ፊቷ አብጦ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ነው። ሀጂ የሞቱት በዋዜማው ነበር። ስልክ የደወሉላት ከቦንጋ ነው፤ እኔ በአየር ላይ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ከእኔ በፊት ያየችው ጥቅሉን ነው። ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችና «አባዬ ነው ያሰረው» አለች። ከዚያ በሩ ላይ ተቃቅፈን ጮኽን።

ቤቱ በአገር ልጆች ተሞልቶ ነበር። ደጎች ናቸው፤ ምግብ ይዘው መጥተዋል፤ ልጆቿን ይዘውላታል። ነገር ግን ከመካከላቸው ሀጂን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። እሷም አጠገቧ አስቀመጠችኝና «ንገሪያቸው እስኪ፣ አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ። ነገርኳቸው። ሲመዝኑ ጣታቸውን ሚዛኑ ላይ እንደማያሳርፉ፣ በረመዳን እንኳ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ልጆች ከረሜላ እንደማይከለክሉ። እናቴ ከጊምቦ መንገድ በእግሯ የተመለሰች ዕለት ከሱቃቸው በርጩማ አውጥተው፣ መንገደኛውን አስቁመው በጭብጨባ እንዳስቀበሏት። «እኔ ከመካ ስመለስ እንዲህ አልደከመኝም» ማለታቸውን ስነግራቸው ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። ልጃቸውም እያለቀሰች ሳቀች። ያን ጥቅል ማንም በቢላ እንዳይቆርጠው አለች፤ እንደታሰረ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ።

በረራዬ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ለእናቴ ደወልኩ። እሷም ለቅሶ ቤት ውላ መመለሷ ነው።

«እዚያ አገር አባቷን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«እንግዲያ አውሮፕላኑ ይሂድ። አንቺ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ቦንጋን በሙሉ ወክዬ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ሰነበትኩ፤ ስነሳ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር። አየር ማረፊያ ስደርስ ግን ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት ኮምፒውተሯን ደጋግማ ነካክታ ቀሪዎቹ በረራዎች በሙሉ መሰረዛቸውን ነገረችኝ። «የቀረሁት እኮ ከአንዱ ነው» አልኳት። ለቅሶ እንደነበረብኝ አስረዳኋት። ሴትዮዋ ከልቧ አዘነችልኝ፤ ኮምፒውተሩ ግን ለቅሶ አያውቅም። የሚለመን ረዳት ፈልጌ ግራ ቀኝ አየሁ፤ የለም። የቀሩትን ገዢዎች በባቡርና በአውቶቡስ ዞሬ አገኘኋቸው። በመስኮት አውሮፕላን ባየሁ ቁጥር የተቀማሁ እየመሰለኝ እናደድ ነበር። ወደ አገር ቤት የሚመልሰኝ ትኬት ለብቻው ስለነበር ደግነቱ አልተነካም።

ቦንጋ ገብቼ ማይሉን ብደምረው፣ ብቀንሰው፣ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን ስትቋጥርና ስትፈታ ቆየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ «እንግዲያ እትዬ ትምጣ» አለች። «እሷ አገር የለመደች ናት። አባታችን ያረፈበትንም ደህና አድርጋ ትይ።»

ለአክስቴ ደወልኩ። «እስከ ጅማ በአውሮፕላን ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «እንግዲያ እመጣለሁ» አለች። ጥያቄዋን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ማን እናቴን ቤት ያስቀምጣት! «እንግዳ የሚቀበሉት በር ላይ ቆመው ነው እንጂ አልጋ ላይ ተኝተው ነው?» ብላ ሚኒባስ ተከራይተን ጅማ ወረድን። መንገዱን አልተርክም። የጎጀብ ወንዝ ቁልቁለት ላይ «እኔን እዚሁ ቅበሩኝ» ብላለች፤ ሹፌሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ግን ደረሰች። ጊምቦን መድረስ ያቃታት ሴት ጅማ ደረሰች።

አክስቴ በስስ የድሬ ሽቲ ቀሚሷ፣ ትከሻዋ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጋ ወጣች። ሁለቱ ቆመው ተያዩ።

«እትዬ፣ አጠርሽ» አለች እናቴ።

«አንቺማ ረዝመሻል!» አለቻት አክስቴ፣ እና ተቃቀፉ። እናቴ የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ግንባሯን፣ አገጯን፣ ጆሮዋን። ሳላፍር አለቀስኩ።

ወደ ቦንጋ ልንነሳ ሚኒባሱ ውስጥ ገባን። ሞተሩ ሲነሳ አክስቴ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ሎሚ አወጣችና አፍንጫዋ ላይ ደቀነች። እናቴ የራሷን ሎሚ ልታወጣ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«አንቺም?» አለቻት።

ያን ጊዜ ነገሩ ወጣ። አክስቴ ለአባቷ ቀብር ስትመጣ የዘገየችው አውቶቡሱ ቁልቁለቱ ላይ አንገላቷት፣ ወርዳ ጎጀብ አንድ ሻይ ቤት ወድቃ አድራ ነው። መናገሩ አሳፈራትና ኮራች ቢሏት ዝም አለች። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እኔም እኮ ኮርታ ነው ብዬ አምኛቸው ነበር! እኔም!» ትላለች፣ ጭኗን እየመታች። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸው ነው።

ጎጀብ ስንደርስ ሁለቱም አንድ ላይ «አውርዱን» አሉ። ወረዱ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ሎሚያቸውን እየተቀባበሉ፣ ዳገቱን በእግራቸው ያዙት። ሚኒባሱ መብራቱን እያብለጨለጨ ከኋላቸው ይከተላል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሙሽራ እንደሚሸኝ ቆመው ያያሉ። እኔ እናቴን መንገድ ላይ እንዳትንገላታ ብዬ አውሮፓን ስቆራርጥ ከርሜ፣ እነሱ በእግር መሄዱን መረጡ። እየተሳፈሩ፣ እየወረዱ፣ ቦንጋ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ ወደ አያቴ መቃብር ሄዱ፤ ከዚያ የሀጂ ቤት ሄደው ተቀመጡ። አክስቴ ዝናቡን እየረገመች በእናቴ ጋቢ ተጠቅልላ ሰነበተች። ሳቃቸው ጠዋት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ጀመር።

የመመለሻዋ ቀን ሲደርስ ሹፌሩ በማለዳ መጣ። ብገባ የአክስቴ ሻንጣ ባዶውን ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣሪያውን ያያሉ። «ዛሬ ዝናብ ነው» አለች አክስቴ። ቦንጋ ዝናብ የማይሆንበት ቀን የለም አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ፣ በደረሰብኝ ሰው አፍ፣ በረራው ካመለጠ ትኬቱ እንደሚቃጠል፣ ማይሉ እንደማይመለስ፣ ኮምፒውተር እንደማይለመን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እናቴ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። የእህቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።

«ያኔ በለቅሶውስ ይሂድ ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ። «እትዬ ጥላኝ ከምትሄድ፣ አውሮፕላኑ ጥሏት ይሂድ።»

ወጥቼ ሹፌሩን ቁርስ ጋበዝኩት።