ሽማግሌ ለማን ይላካል?

ያፈቀራችኋት ሴት ከወለደችው ልጅ ጋር እኩያ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሆኛለሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የእሷ ልጅም ሃያ ሰባት። እሷ አርባ ስድስት ሞልቷታል።

አዳማ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። እሷ ከትምህርት ቤታችን ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ፈተና ላባዛ ስሄድ ማሽኑ ወረቀት ይይዛል፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እንጎትታለን፤ እጃችን ቀለም በቀለም ይሆናል። ኋላ ላይ ማሽኑ ደህና ሲሠራ ቅር ይለኝ ጀመር።

አንድ እሁድ ቆቃ ሄደን ዓሣ ስንበላ «ላግባሽ» አልኳት። እሾኹን መልቀሟን ቀጠለች።

«ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

«መምህር፣ የምርህን ከሆነ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

እኔ ነገር በቅደም ተከተል ካልሆነ አይገባኝም። ሽማግሌ የሚላከው ለልጅቷ አባት ነው። አባት ከሌለ ለእናት፣ እናትም ከሌለች ለታላቅ ወንድም። እሷ አንዳቸውም የሏትም። የቀራት የሥጋ ዘመድ ቢሾፍቱ ጋራዥ ያለው ልጇ ብቻ ነው። ስለዚህ ለልጇ። ሰሌዳ ላይ ብጽፈው እንኳ ስህተት አይገኝበትም ነበር።

የትምህርት ቤታችንን የጥበቃ ሠራተኛ፣ ጋሼን፣ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ለመንኩ። ጋሼ ሳቁ።

«እናትህን ለልጃችን ልበለው? አፌስ እሺ ይለኛል?»

ግን ሄዱ። ልጇ ግራሶ የነካ እጁን ታጥቦ፣ ለስላሳ አስመጥቶ አስተናገዳቸው። የመጡበትን ሲነግሩት እንደ ደንቡ «ልምከርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አላቸው። ቀጠሮ መስጠት ጥሩ ምልክት እንደሆነ ለጋሼ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው የማያውቁት ይመስል።

በማግስቱ ሱቋ ስገባ ማሽኑን አጥፍታ ተቀምጣለች።

«ለልጄ ላክህ?»

«ሌላ ማን አለሽ?»

«እኔ አለሁ።»

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሽማግሌ ሲመጣ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። አባቷ እሺ አሉ። እሷን የጠየቃት የለም። አሁን የፈለገችው ሽማግሌዎቹ ሳሎኗ ተቀምጠው እሷን ራሷን እንዲጠይቋት ነበር።

«ማታ ልጄ ደውሎ፣ እማ፣ እሺ ልበላቸው ወይስ እምቢ፣ አለኝ። ልጄ ሊድረኝ ነው።» አልሳቀችም። «እኔን ካልጠየቁኝ ይቅር። እሁድ ቤት ነኝ።»

እየሮጥኩ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ሙሽራዋን ራሷን?» አሉ። «ልምከርበት ብትለንስ፣ ከማን ጋር ልትመክር ነው?»

 

ጋሼ በመጨረሻ «ምን እንደምንል ንገረንና እንሄዳለን» አሉኝ። እኔም አላውቅም። «ልጅዎን ለልጃችን» የሚባለው ከፊት ወላጅ ሲኖር ነው። «ራስሽን ለልጃችን ስጪ» ብዬ ለብቻዬ ሞከርኩት፤ ጆሮዬ አልወደደውም። እሷ ያለችው ልክ እንደሆነ ይገባኛል፤ እንዴት እንደሚባል ግን ግራ ገብቶኛል። እሁድ ደግሞ ደርሷል።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከፊታችሁ ያለችው እሷ ራሷ ናት እንጂ አባቷ አይደሉም እንበል። ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጠይቋት።